የመድረክ መብራት መቆጣጠሪያ ቁልፎችን ስለ ማሰናዳት

በተማሪዎች የቴአትር ክበቦች ዘንድ አንድ የቆየ ልማድ አለ። ይኸውም ድርሰቱን የሚመርጠው፥ ተዋንያኑን የሚያለማምደውና ስለ ልብሱ የሚከራከረው የሥነ ጽሑፍና የቴአትር ተማሪ ሆኖ ሳለ፥ የመብራቱ ነገር ግን «የኤሌክትሪክ ሰዎች ጉዳይ ነው» እየተባለ እስከ መጨረሻው ቀን ይቆያል። በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ላፕቶፕ ያለው አንድ ደግ ወንድም ይጠራል። እርሱም ድርሰቱን ሳያነብ ቁልፎቹን ለእጁ እንደ ተመቸው አሰናድቶ ይቀመጣል። ማታ መጋረጃው ከተገለጠ በኋላ አንዲት ተዋናይት ንግግሯን ሳትጨርስ ጨለማ ሲወድቅባት፥ ወይም ሌሊት ነው በተባለበት ቦታ መድረኩ እንደ እኩለ ቀን ሲያበራ፥ ጥፋቱ በመሣሪያው ላይ ይላከካል። እኔ ግን መሣሪያው ብዙውን ጊዜ የታዘዘውን ፈጽሟል ባይ ነኝ። የትኛው ቁልፍ ምን ይሥራ ብሎ መወሰን ድርሰቱን ከማንበብ የሚነጠል ሥራ አይደለም። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የማቀርበው በተለይ እንደ እኔው በሥነ ጥበባት ፋኩልቲ ለሚማሩና ሽቦ ሲያዩ ለሚሸሹ ወንድሞቼና እኅቶቼ ነው።

አስቀድሞ ስለ መሣሪያው ምንነት ጥቂት እንበል። በመድረክ ዙሪያ የተሰቀሉት መብራቶች ትእዛዝ የሚቀበሉበት ጠረጴዛ ኮንሶል ይባላል። በላዩ ላይ በዋናነት ሁለት ነገሮች ይገኛሉ፤ አንዱ በጣት የሚጫኑት ቁልፍ ነው፤ ሌላው ፌደር የሚባለው ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተት መግፊያ ነው። ቁልፍ ለቁርጥ ነገር፥ ፌደር ለዝግታ ይስማማል። በዛሬዎቹ ኮንሶሎች ላይ ከነዚህ ብዙዎቹ ሥራቸው ከፋብሪካ ተቆርጦላቸው የመጡ አይደሉም፤ ምን እንዲሠሩ የሚነግራቸው ተጠቃሚው ነው። አንዱ ፌደር በዚህ ሳምንት ጨረቃን ቢይዝ በሚቀጥለው ሳምንት የምድጃ እሳት ሊይዝ ይችላል።

ይህ አሳብ ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ ነው። ፍሬድሪክ ቤንተም የተባለው እንግሊዛዊ በ1935 እ.ኤ.አ. በለንደን ለስትራንድ ኤሌክትሪክ ኩባንያ ያሰናዳው «ላይት ኮንሶል» መልኩ የቴአትር ኦርጋን ነበር፤ የተሠራውም ኮምፕተን በሚባለው የኦርጋን ሠሪ ድርጅት ጠረጴዛ ላይ ነው። ኦርጋን የሚጫወት ሰው ዜማውን ከመጀመሩ በፊት የትኞቹ ቧንቧዎች እንዲናገሩ እንደሚፈልግ ይመርጣል፤ ከዚያ ወዲያ እጁ የሚነካው ቁልፍ የተመረጡትን ብቻ ያናግራል። ቤንተምም መብራቶቹን በዚሁ ሥርዓት አስመረጣቸው። በአሜሪካ ጆርጅ አይዘናወር በዬል ዩኒቨርሲቲ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ያበጀው ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ደግሞ የሚመጡትን የብርሃን ሁኔታዎች አስቀድሞ ደርድሮ ለማስቀመጥ አስቻለ። በ1975 እ.ኤ.አ. «ኤ ኮረስ ላይን» የተባለው ሙዚቃዊ ቴአትር ብሮድዌይ ላይ ሲታይ፥ የመብራቱ ነዳፊ ታሮን መሰር ኤልኤስ-8 በተባለ የማስታወስ ችሎታ ባለው ኮንሶል ተጠቀመች፤ ከዚያ በኋላ ማስታወስ ከሰው ትከሻ ወደ መሣሪያው እየተሻገረ ሄደ። በዚያው ዓመት ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፍሬድ ፎስተር የተባለ ተማሪ ከጓደኞቹ ጋር በኮምፒዩተር የሚሠራ ኮንሶል ሠራ። ዛሬ ኢቲሲ የሚባለው ታላቅ የመብራት ኩባንያ የተወለደው ከዚያ ነው። ይህን የምጠቅሰው ጉዳዩ ተማሪን አይመለከትም ለሚሉት እንዲታወቅ ነው።

በ1986 እ.ኤ.አ. ዲኤምኤክስ512 የተባለው የመነጋገሪያ ሥርዓት በአሜሪካ የቴአትር ቴክኖሎጂ ማኅበር ዘንድ ተደነገገ፤ ያንዱ ኩባንያ ኮንሶል ከሌላው ኩባንያ መብራት ጋር ሊግባባ የቻለው በዚህ ነው። በስሙ ውስጥ ያለው ቁጥር እንደሚያመለክተው አንድ መስመር 512 ቻናል ይይዛል፤ በእያንዳንዱም ቻናል ከ0 እስከ 255 የሚደርስ ቁጥር ይላካል። 0 ማለት መጥፋት፥ 255 ማለት ሙሉ ብርሃን ነው። ዛሬ በየአዳራሹ የምናየው ኤልኢዲ ፓር ቀይ፥ አረንጓዴ፥ ሰማያዊና ነጭ ካለው አራት ቻናል ይወስዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው መብራት ከ1 ቢጀምር ሁለተኛው ከ5፥ ሦስተኛው ከ9 ይጀምራል ማለት ነው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው የማሰናዳት ሥራ ይመጣል። 1፥ 5፥ 9፥ 13 የሚባለው አድራሻ ለመሣሪያው እንጂ ለሰው አይመችም። ስለዚህ ለያንዳንዱ መብራት ሰው የሚይዘው ቁጥር ይሰጠዋል፤ ባለሙያዎቹ ይህን ፓች ይሉታል። ብዙ ሰው መብራቶቹን በተሰቀሉበት ተራ 1፥ 2፥ 3 እያለ ይቆጥራቸውና ያልፋል። ከዚህ ይልቅ የፊቶቹን ከ1 ጀምሮ፥ የግራ ጎኖቹን ከ11፥ የቀኞቹን ከ21፥ የኋላዎቹን ከ31 ጀምሮ መቁጠር እጅግ ይጠቅማል። በልምምድ ጊዜ አዘጋጁ ከአዳራሹ ወለል ላይ «የግራው ሁለተኛ ይቀነስ» ብሎ ሲጮኽ፥ የመብራት ሠራተኛው ካርታ ሳይመለከት 12 ይላል። በመካከሉ የሚቀሩት ባዶ ቁጥሮች ምንም ዋጋ አያስከፍሉም። ነገር ግን ግራ የተባለው የተዋናዩ ግራ ነው ወይስ የተመልካቹ ግራ የሚለውን አስቀድሞ መቁረጥ ያስፈልጋል፤ በዚህ ጉዳይ ያልተጣላ ክበብ ያለ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ቁልፎቹ እንግባ። ለምሳሌ የመረጥሁት ኪውኤልሲ ፕላስ የሚባለውን ፕሮግራም ነው። ምክንያቱም ያለ ክፍያ የሚገኝ፥ በተራ ላፕቶፕ ላይ የሚሠራና በዩኤስቢ በምትሰካ አንዲት ትንሽ የዲኤምኤክስ ማስተላለፊያ ሳጥን መብራቶችን ሊያዝ የሚችል ስለ ሆነ፥ የተማሪ ኪስ ይችለዋል። በውስጡ «ቨርቹዋል ኮንሶል» የሚባል ባዶ ገጽ አለ። በዚህ ገጽ ላይ የምንፈልገውን ቁልፍና ፌደር እኛው እንተክላለን። ለአንድ ቁልፍ ሥራ ለመስጠት የቁልፉን ዝርዝር መክፈት፥ አስቀድመን ካዘጋጀናቸው የብርሃን ሁኔታዎች አንዱን ማያያዝ፥ ቀጥሎም በኪቦርዱ ላይ የትኛው ፊደል እንዲጠራው እንደምንፈልግ ማስመዝገብ ነው። ማስመዝገቢያው ምልክት ከተደረገ በኋላ የፈለግነውን አንድ ጊዜ ስንጫን ፕሮግራሙ ይይዘዋል። ለሙዚቃ የሚያገለግሉ ትናንሽ የሚዲ ጠረጴዛዎችም እንዲሁ ይያያዛሉ፤ ፌደሩን ስናንቀሳቅሰው ፕሮግራሙ የትኛው እንደ ሆነ ያውቃል። አያያዙ ይህን ያህል ቀላል ነው፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይለመዳል። ምኑን ከምን ጋር እናያይዝ የሚለው ግን የትም መመሪያ ውስጥ አይገኝም።

ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ የመለሰውን የሼክስፒርን «ኦቴሎ» እንውሰድ። የሼክስፒር ተዋንያን በግሎብ ቴአትር በቀን ብርሃን ይጫወቱ ስለ ነበር፥ ሌሊት መሆኑን ለተመልካቹ የሚነግሩት ችቦና ሻማ ይዘው በመግባት ነበር። እንግዲህ በዚህ ድርሰት ውስጥ በእጅ የተያዘ ብርሃን ዝም ብሎ ጌጥ አይደለም። በአምስተኛው ገቢር ሁለት ጊዜ ይመጣል። በመጀመሪያው ትዕይንት መንገዱ ጨለማ ነው፤ ኢያጎ ካሲዮን በዚያ ጨለማ ውስጥ ወግቶት ይሸሻል፤ ትንሽ ቆይቶ ከእንቅልፉ እንደ ተነሣ ሰው በሌሊት ልብሱ መብራት ይዞ ይመጣል። በሁለተኛው ትዕይንት ኦቴሎ ዴስዴሞና ወደ ተኛችበት ክፍል ብርሃን ይዞ ይገባል። ሁለቱም ሰዎች ብርሃን ይዘው ይገባሉ፤ ሁለቱም ወደ ወንጀል ቦታ ይገባሉ፤ ብርሃናቸው ግን አንድ አይደለም። የኢያጎ ብርሃን የተሰላ ውሸት ነው። የኦቴሎ ብርሃን ደግሞ ራሱ ኦቴሎ ሊያደርገው የመጣውን ነገር እንዳያይ ይፈራዋል።

ታዲያ ይህ ከቁልፍ ጋር ምን አገናኘው? የኢያጎ መብራት በቁልፍ ቢታዘዝ ይሻላል። አንድ ጊዜ ሲጫኑት በሁለት ሴኮንድ ውስጥ ልክ ወደ ተመዘገበው መጠን ይደርሳል፤ በየሌሊቱም ያው ነው፤ ሰውዬውም ያው ነው። የኦቴሎ ግን በፌደር መያዝ ይገባዋል። ተዋናዩ ከበሩ እስከ አልጋው የሚራመደው አንድ ሌሊት በስድስት ርምጃ፥ አንድ ሌሊት በዐሥር ርምጃ ነው፤ አንዳንዴም መንገድ ላይ ይቆማል። በቁልፍ የተመዘገበ ጊዜ እርሱ ቆሞ ሳለ ወደ አልጋው ቀድሞት ይደርሳል። ፌደሩን የያዘ ሰው ግን ተዋናዩን እያየ አብሮት ይራመዳል። እንግዲህ ድርሰቱን ያላነበበ ሰው ሁለቱንም «ሻማ» ብሎ በአንድ ዐይነት ቁልፍ እንደሚያስቀምጣቸው መገመት አያዳግትም።

የፌደሩ ነገር ሲነሣ አንድ የሚያደናግር ሕግ መጠቀስ አለበት። ሁለት ትእዛዞች በአንድ ጊዜ ወደ አንድ መብራት ሲደርሱ የብርሃኑ መጠን የሚወሰነው ከፍ ባለው ትእዛዝ ነው። አንዱ 40 በመቶ ሌላው 70 በመቶ ቢል መብራቱ 70 ይሆናል። እንግዲህ የሻማውን ብርሃን በተራው የኪው ዝርዝር ውስጥ አስመዝግበን እንደገና በፌደር ብንይዘው፥ ፌደሩን እስከ ታች ብንጎትተውም መብራቱ አይጠፋም፤ ዝርዝሩ ይዞታልና። ብዙ ጀማሪዎች እዚህ ቦታ ላይ ፌደሩ ተበላሸ ብለው ሽቦ ሲፈቱ ይመሻል። በኪውኤልሲ ፕላስ ውስጥ ቀለሞቹም በዚሁ ሕግ ስለሚተዳደሩ፥ ለጨረቃው በሰማያዊ የበራውን መብራት ለሻማውም ደግመን በቀይና በአረንጓዴ ብናዝዘው ቀለሞቹ ይደባለቁና ሻማም ጨረቃም ያልሆነ ነገር ይወጣል። መፍትሔው ከመብራቶቹ ሁለቱን ለሻማው ብቻ መለየትና በዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ አለማስገባት ነው። በራሳቸው ተሽከርካሪ በሆኑት መብራቶች ላይ አቅጣጫን የሚመለከተው ትእዛዝ ግን በከፍታ አይዳኝም፤ በመጨረሻ የመጣው ያሸንፋል። አቅጣጫ ትልቅና ትንሽ የለውምና ይህ ትክክል ነው።

ሁለተኛው ገቢር በቆጵሮስ ዳርቻ በማዕበል ይከፈታል። ለመብረቁ የሚሆነው ቁልፍ የትኛው ዐይነት ነው? አንዱ ዐይነት ሲጫኑት ይበራል፤ እንደገና ሲጫኑት ይጠፋል። ሌላው ፍላሽ የሚባለው ግን ጣት እስካለበት ድረስ ብቻ ይበራል። መብረቅን በመጀመሪያው ዐይነት የሚሠራ ሰው ሁለት ጊዜ መጫን አለበት፤ አንዱን ቢስት ሰማዩ እንደ በራ ይቀራል። በፍላሽ ግን ጣቱን ማንሣቱ ብቻ ይበቃዋል፤ በአጭሩና በረዥሙ እየነካ ከነጐድጓዱ ድምፅ ጋር ሊጫወትበትም ይችላል። በአጠቃላይ መመለሱ ግዴታ የሆነ ነገር ሁሉ ለፍላሽ፥ መቆየቱ ግዴታ የሆነ ነገር ሁሉ ለሌላው ይሰጥ። ከዚህ ሌላ «ሶሎ ፍሬም» የሚባል ክልል አለ፤ በውስጡ ካሉት ቁልፎች አንዱ ሲበራ ሌላው በራሱ ይጠፋል። ቀንና ሌሊት አብረው እንዳይበሩ ለሚፈልግ ሰው ይህ ክልል ግማሽ ጭንቀቱን ያቃልልለታል።

አሁን ከሁሉ የሚያስፈራኝን ነገር ላንሣ። ይኸውም ሁሉን የሚያጠፋው ቁልፍ ነው፤ ብላክአውት ይሉታል። አንድ ክበብ ባሳየው ቴአትር ውስጥ የሚቀጥለውን ኪው የሚጠራው ቁልፍና ብላክአውቱ በኪቦርዱ ላይ ጎን ለጎን ነበሩ። ያሰናዳቸው ሰው ሁለቱም በአንድ እጅ እንዲገኙለት ፈልጎ ነበር፤ በጠረጴዛ ላይ ሲታይም ያማረ አሰላለፍ ነበር። በሁለተኛው ሌሊት ግን በቦታው የተተካ ሌላ ልጅ ተቀመጠ። አሮጊቷን የምትጫወተው ልጅ ከመድረኩ በስተኋላ ካለው ከፍታ ላይ ሦስት ደረጃ እየወረደች ሳለ የልጁ ጣት አንድ ፊደል ሳተ። ልጅቱ የመጨረሻውን ደረጃ በጨለማ ረገጠችው፤ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ደረሰባትና ቀሪዎቹን ሌሊቶች ሌላ ሰው ተጫወተላት። ልጁ ተወቀሰ። በእኔ አስተያየት ግን ወቀሳው መድረስ የነበረበት ለአሰላለፉ ነው። ሁለት ሥራዎች የሚያደርሱት ጥፋት እኩል ካልሆነ ጎረቤት መሆን የለባቸውም።

ስለዚህ የሚቀጥለውን ኪው ለትልቁ የክፍተት ቁልፍ መስጠት መልካም ነው፤ በጨለማም ያለ ዐይን ይገኛል። ኪውላብ የተባለው ሌላ ፕሮግራምም ከፋብሪካው ሲወጣ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ወደ ኋላ መመለሻው ከዚያ ራቅ ይበል። ብላክአውት በኪቦርዱ ጫፍ ሆኖ ከሌላ ቁልፍ ጋር ተጣምሮ ካልተጫነ እንዳይሠራ ማድረግ ይቻላል። አንዳንዶች «በአደጋ ጊዜ ፈጥኖ ማጥፋት ቢያስፈልግስ?» ይላሉ። በመድረክ ላይ አደጋ ሲደርስ የሚያስፈልገው ብርሃን ነው እንጂ ጨለማ አይደለም። ለእጅ ቅርብ መሆን ያለበት ቁልፍ መድረኩንና መውጫውን ሁሉ በነጭ ብርሃን የሚያጥለቀልቀው ነው፤ በክበቦቻችን አሰላለፍ ውስጥ ግን ይህ ቁልፍ ጭራሹን ሳይኖር ሲቀር አይቻለሁ። በኦቴሎም ቢሆን ሻማውን አዘጋጁ እንዲጠፋ ቢወስን፥ የሚጠፋው በሻማው ፌደር እንጂ በብላክአውት መሆን የለበትም፤ አለዚያ ጨረቃዋም አብራ ትጠፋለች።

ሁለት ጊዜ መጫንም ሌላው ፈተና ነው። የፈራ ጣት ይደግማል፤ አንድ ኪው ሲዘለል ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ አንድ ርምጃ ይቀድማል። ከላይ በጠቀስሁት በኪውላብ ውስጥ በሁለት ትእዛዞች መካከል ሊያልፍ የሚገባውን ትንሹን ጊዜ መወሰን ይቻላል፤ ከዚያ ባነሰ ጊዜ የተደገመውን ፕሮግራሙ አይሰማም። አንድ ሴኮንድ ለአብዛኛው ድርሰት ይበቃል። ፈጣን ዘፈን ባለበት ግን ይህ ጥበቃ ራሱ ጠላት ይሆናል፤ እውነተኛውን ሁለተኛ ትእዛዝ ይውጠዋልና።

ከኪስ የሚያልፉትን ትልልቅ ኮንሶሎች በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ላንሣ፤ በእንግድነት ለሚገባባቸው ሰው ይጠቅማልና። በኢቲሲ ኢኦስ ላይ አንድን መብራት ጠርቶ «አት 5» ብሎ ማጽደቅ 50 በመቶ ማለት ነው፤ 5 በመቶ ለማለት 05 መጻፍ አለበት። በጀርመኖቹ ግራንድኤምኤ ላይ ግን «አት 5» 5 በመቶ ነው። አንድ ጣት፥ አንድ ቁጥር፥ ዐሥር እጥፍ ልዩነት! በነገራችን ላይ በግራንድኤምኤ ላይ ትእዛዝን የሚያጸድቀው ቁልፍ «ፕሊዝ» ተብሎ ተሰይሟል፤ መሣሪያን «እባክህ» ብሎ ማዘዝ መልካም ጨዋነት ነው። በኢኦስ ላይ ደግሞ በአንድ ኪው ላይ የተደረገ ለውጥ ሌላ ትእዛዝ እስኪያገኝ ድረስ ወደሚቀጥሉት ኪዎች ይወርሳል። በማሰናጃው ገጽ ላይ ይህን ለውጦ ለውጡ በዚያው ኪው ብቻ እንዲቀር ማድረግ ይቻላል። የትኛውም መጥፎ አይደለም፤ መጥፎ የሚሆነው ከመጀመራችን በፊት የትኛው እንደ ተመረጠ ሳንመለከት ስንቀር ነው። እንደዚሁ መሰረዝ ሲታዘዝ ኮንሶሉ «እርግጠኛ ነህ?» እንዲል የሚያደርገውን ማረጋገጫ፥ ያሰለቻል ብሎ የሚያጠፋ ሰው ብዙ ነው። በዝግጅት ቀናት ማጥፋቱ ይቅርታ ይገባዋል፤ በማሳያው ሌሊት ግን አይገባውም።

ለእኛ አገር ተማሪ ብቻ የሚደርስ አንድ ጉዳይ አለ። ላፕቶፑ የማን ነው? ብዙውን ጊዜ በዚያው ቀን የጥናት ወረቀቱን በአማርኛ ሲጽፍበት የዋለ ተማሪ ነው። ኪቦርዱ ወደ ግዕዝ ፊደል እንደ ተለወጠ ከቀረ፥ ለ«ጂ» ፊደል የተሰጠው ኪው ሲጫኑት ፕሮግራሙ የሚጠብቀውን የላቲን ፊደል ሳይሆን «ግ»ን ሊያገኝ ይችላል፤ ያን ጊዜ ምንም አይሆንም፤ የመብራት ሠራተኛውም ደግሞ ደጋግሞ ይጫናል። ስለዚህ ኪዎችን በተቻለ መጠን ለክፍተት ቁልፍ፥ ለቀስቶችና ለቁጥሮች መስጠት፥ ከማሳየቱም በፊት ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ያስፈልጋል። ከላይ በተራ የተደረደሩት ከኤፍ1 እስከ ኤፍ12 ያሉት ለዚህ የተፈጠሩ ይመስላሉ፤ ነገር ግን በብዙ ላፕቶፖች ላይ ድምፅ መጨመሪያና የስክሪን ብርሃን መቀነሻ ሆነው ስለሚሠሩ መጀመሪያ መሞከር ነው። ላፕቶፑ ሳይነካ ሲቆይ እንዲተኛ የሚያደርገውን ቅንብር ማጥፋትም እንዳይረሳ፤ ረዥም ንግግር ባለበት ድርሰት ውስጥ ሃያ ደቂቃ ሙሉ አንድም ቁልፍ ላይነካ ይችላል።

ቁልፉን የሚያዝዘው ቃልም የማሰናዳቱ ክፍል ነው። የመድረክ መሪው ከመጋረጃ ጀርባ «ተዘጋጅ» ይላል፤ ቀጥሎ ማስጀመሪያውን ቃል ይላል። በአማርኛ «ሂድ» ማለት ለእኩያ ይሆናል። እኛ ዘንድ ግን መብራቱ ላይ የተቀመጡት በዕድሜ አባታችን የሚሆኑ የአዳራሹ ኤሌክትሪሺያን ነበሩ፤ የመድረክ መሪዋ ደግሞ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። «ጋሼ፥ ይሂዱ» ብላ እስክትጨርስ ኪው ያልፋል፤ «ሂድ» ለማለትም አፏ እንቢ አላት። «እሺ» እንዲሆን የጠየቀ ነበር፤ ይህ ከሁሉ የባሰ አሳብ ነው፤ በየትንፋሹ እሺ በሚባልበት ቦታ መብራቱ ዕረፍት አያገኝም። በመጨረሻ «አሁን» በሚለው ተስማሙ። ክብር አይነካም፤ አጭር ነው፤ በልምምዱም ጊዜ ሁሉ ሌላ ሰው ያን ቃል በመነጋገሪያው ውስጥ እንዳይናገር ተከለከለ።

አሰላለፉ ካለቀ በኋላ ሰው ሁሉ የሚሰንፍበት ሥራ ይቀራል፤ እርሱም መጻፍ ነው። በየቁልፉ ላይ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎ ሥራው በእስክሪብቶ ይጻፍበት፤ «ኪው 14» ተብሎ ሳይሆን «በሩ ሲከፈት» ወይም «ማዕበል» ተብሎ። ተተክቶ የሚቀመጠው ሰው ቁጥሩን ሳይሆን ድርሰቱን ይከተላልና። በኪውኤልሲ ፕላስ ውስጥ የማሰናጃና የማሳያ ሁኔታ ተለይተዋል፤ ወደ ማሳያው ካለፍን በኋላ ቁልፎቹን በስሕተት ማዛወር ስለማይቻል ሕዝብ ከመግባቱ በፊት ወደዚያ መሸጋገር ግዴታ ነው። የሚዲ ጠረጴዛ የሚጠቀሙ ደግሞ በፌደሩ ዝርዝር ውስጥ ያለውን የማገናኛ ምርጫ ያብሩ። አለዚያ በስክሪኑ ላይ ያለው ፌደር 80 ሆኖ በእጃችን ያለው 10 ላይ ቆሞ ከሆነ፥ በነካነው ቅጽበት መብራቱ ወደ 10 ይዘላል። ምርጫው ሲበራ ግን እጃችን 80ን እስኪያልፍ ድረስ መብራቱ ይጠብቃል።

የሰው አዳራሽ ኮንሶል ላይ የሚሠራ ክበብ ምንም ሳይነካ በፊት የነበረውን አሰላለፍ በፍላሽ ላይ ይገልብጥ፤ ሲጨርስም ይመልስ። የሚቀጥለው ቡድን የእኛን ማዕበል ለስብሰባ መክፈቻ ሲጠራ ማየት ያስቃል፤ ለእነርሱ ግን አያስቅም። የራሳችን ፋይል በሁለት ፍላሽ ይቀመጥ፤ አንዱ ከመብራት ሠራተኛው ጋር፥ ሌላው ከመድረክ መሪው ጋር። የቁልፎቹ ዝርዝር የተጻፈበት ወረቀት ደግሞ የአዘጋጁ ማስታወሻ ካለበት የተውኔቱ ቅጅ ጋር ተሰፍቶ በክበቡ ሣጥን ውስጥ ይግባ፤ ድርሰቱን ከሦስት ዓመት በኋላ እንደገና የሚያነሡት ልጆች የኦቴሎ ሻማ ለምን በፌደር እንደ ተያዘ ከዚያ ያገኙታል።